ቃጭሏ ዝም ያለች ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይህ ደብተር የደንበኞችን ልክ የምጽፍበት ነው። ከኋላ በኩል ባዶ ገጽ ስላለው ጀመርኩበት። የምነግረው ሰው ቸግሮኝ እንጂ ጸሐፊ ሆኜ አይደለም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከፊት፣ ቤቴ ከኋላ፣ መሃላቸው አንድ መጋረጃ።

ዛሬ ባለቤቴ የወገብ ሕመም ትምህርት ጀመረች። ትምህርት! አራት ዓመት ሙሉ ያላየናት ሐኪም፣ ያልዋጠችው ክኒን፣ ያልተቀባችው ቅባት የለም። ራጅ ተነሳች፤ አጥንቷ ደህና ነው አሉ። ሕመሙ ግን አለቃትም። አሁን ደግሞ መድኃኒት የማይሰጥ ክሊኒክ ተገኘላት። ሰኞና ሐሙስ ሕመምተኞቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዲት ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ታናግራቸዋለች፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው በሰፈሩ ይራመዳሉ። በቃ። ሕክምናው ይኸው ነው።

«በወሬ ወገብ የሚድን ከሆነ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ስንቱን ባዳነ!» አልኳት። አልሳቀችም።

ጫማዋን አሰርኩላት። እንደ ሁልጊዜው ግራ ትከሻዬን ተደግፋ ሄደች። ክሊኒኩ በር ላይ «ከዚህ በኋላ ብቻዬን ልግባ» አለችኝ። ምን አጠፋሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ቃጭሏ ዛሬ ደጋግማ ጮኸች። ሕመሙ በባሰባት ሰሞን እኔ ነኝ ገዝቼ አልጋዋ ራስጌ ያንጠለጠልኳት። የስፌት መኪናው ሲንጫጫ ድምጿ አይሰማኝም ነበርና። ቃጭሏ ስትጮህ ሥራዬን ጥዬ እገባለሁ። ትራስ አስተካክላለሁ፣ ሙቅ ውሃ በላስቲክ አድርጌ ወገቧ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ሌላ ጊዜ ዝም ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ያኔ ነው የምናወራው። ደንበኛ ኮቱን ታቅፎ ይጠብቃል። ይጠብቅ።

ድሮ እሷ ቆራጭ እኔ ሰፊ ነበርን። እጇ አይስትም ነበር። ሰው ከበር ሲገባ አይታው ብቻ «ይሄ ሰውዬ አንድ ትከሻው ከፍ ይላል» ትላለች፤ ሜትሩን ስናወጣ እውነት ሆኖ ይገኛል። አሁን እኔው ቆርጬ እኔው እሰፋለሁ። መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ጥቅል ጨርቅና ካርቶን ተከምሯል። አንድ ቀን አነሳዋለሁ። የት ላድርገው ብዬ ነው እንጂ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ለመራመጃ ያጣመሯት ከሹፌር ጋር ነው። ሲመለሱ ከሱቁ በር ላይ አየሁት። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ወገቡ ይዞት መሪውን የተወ ሰውዬ ነው። አንገቱ ወፍራም፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ።

«ያስቃል» አለችኝ ማታ።

«እኔስ አላስቅም?»

«አንተማ ድሮ ታስቅ ነበር።»

ድሮ! አራት ዓመት ወገብ ሳሽ የሰው ቀልድ የት ይቀራል? ቅናት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ቅናት ያስቃል። ግን ወገቡ የታመመ ሰው እንዴት እንደዚያ ይስቃል? እኔ አላምነውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

አዲስ ሕግ ይዛ መጣች። አንደኛ፣ እረፍት የምታደርገው ሲያማት ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ነው። ቢያማትም ባያማትም። «ሕመሙ አለቃ እንዳይሆንብኝ ነው» አለችኝ። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ «እንዴት አመመሽ?» እያለ ባይጠይቅ ይመረጣል።

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ስለ ሌላ ነገር አውራኝ።»

ሌላ ነገር! ሌላ ነገር ልፈልግ ብዬ ግማሽ ቀን አሰብኩ። ምሳ ላይ «ዛሬ ወገብሽ...» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ማታ አመለጠኝ፤ ጠየቅኳት። ወዲያው አመማት። አየህ? ምሳ ላይ ብጠይቃት ኖሮ ያኔውኑ ትነግረኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ጫማዋን ራሷ አሰረች።

እንደ ልማዴ ተንበርክኬ ነበር። «ተው፣ ተነስ» አለችኝ። እግሯን ወንበር ላይ አወጣችና ቀስ ብላ አሰረች። «ማን አስተማረሽ?» «ሹፌሩ።»

አራት ዓመት ወለል ላይ የተንበረከኩት እኔ፣ የሚመሰገነው ሹፌሩ። ሰማያዊ ሹራቧንም ለበሰች። ያን ሹራብ ለብሳው አታውቅም፤ እጅጌውን ለማጥለቅ ወገቤ አይታጠፍም ትል ነበር። ዛሬ ታጠፈ።

ጎበዝ አላልኳትም። ረስቼው ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ይኸው ጻፍኩት፤ ማን ያነበዋል? ክር ልገዛ ስወጣ አጋጥመውኝ ነው ቢባልም ያስኬዳል። ክር ደግሞ ሞልቶኛል።

ከፋርማሲው ጥግ ቆሜ አየኋቸው። ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ አልተደጋገፉም፣ መሃላቸው ሌላ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ሹፌሩ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። መሐረቡ ወደቀ። እሱ ወገቡን ይዞ ሲያመነታ እሷ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ዝቅ አለች፣ አንስታም ሰጠችው።

ዝቅ አለች! የእኔ ሚስት! እኔ ፊት አንድ ቁልፍ ከወደቀባት ቃጭሏን ትደውላለች፣ እኔ እመጣለሁ፣ እኔ አነሳለሁ። የእሱን መሐረብ ግን አነሳች። ለዚያውም የቆሸሸ መሐረብ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። የአንድ ደንበኛ ካፖርት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ቃጭሏ ዛሬ አንድም ጊዜ አልጮኸችም። ስፌት መኪናውን እያቆምኩ አዳመጥኩ። ሁለት ጊዜ ገብቼ «ደወልሽ እንዴ?» አልኳት። አልደወልኩም አለች። ሦስተኛው ላይ ሳቀች። እኔ ላይ ነው የሳቀችው።

ፊትሽ ጠቁሯል፣ አረፍ በይ አልኳት። እውነቱን ለመናገር አልጠቆረም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ልቀበላት ቀደም ብዬ ሄድኩ። የክሊኒኩ አጥር ቆርቆሮ ነው፤ ከወዲያኛው በኩል አግዳሚ ወንበር አለ። ልሰማ ብዬ አልቆምኩም። ድምፃቸው ራሱ መጣ።

«ባልሽስ ምን ይላል?» አለ ሹፌሩ።

«እሱማ እኔ ከተሻለኝ ሥራ ይፈታል።»

ሳቁ። ሁለቱም! እኔ ሥራ ልፈታ? ሱቄ ውስጥ ያልተሰፋ ሱሪ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ! ደንበኛ ቀጠሮ እየለመነኝ! ሙያዬን ለባዕድ ሰው መሳለቂያ አደረገችው። በመንገድ ላይ አላናገርኳትም። ትከሻዬን ሰጠኋት፤ አልተደገፈችም። ከሁሉ የቆጠቆጠኝ አለመደገፏ ነው።

ማታ ትከሻዬ ራሱ ጠዘጠዘኝ። የሚጠይቀኝ የለም። እዚህ ቤት መታመም የተፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ባለሙያዋ አስጠራችኝ። የቤተሰብ ቀን ነው አሉ። ልጄ የምትሆን ወጣት ናት፤ በአክብሮት ነው የምታናግረኝ፣ በዚያ ላይ መናደድ እንኳ አይመችም።

«ጋሼ፣ እሷ ሲያማት እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

ነገርኳታ! ትራሱን፣ ሙቅ ውሃውን፣ ማሸቱን፣ ጫማውን። ሥራዬን ጥዬ እንደምገባ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንደማጫውታት። እየጻፈች ራሷን ነቀነቀች። አሁን ታመሰግነኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ሲሻላትስ ምን ያደርጋሉ?»

«ሲሻላት?»

«አዎ። ተነስታ ጫማዋን ስታስር፣ ወንበር ስታነሳ።»

«ያኔማ... ወደ ሱቄ እሄዳለሁ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ባለቤቴም መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እንክብካቤዎ ጥፋት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን አላገኘም። ግን ሲያማት ይመጣሉ፣ ሲሻላት ይሄዳሉ። እስኪ ለጥቂት ሳምንት እንገልብጠው። ሲያማት ሥራዎ ላይ ይቆዩ፤ ስትሠራ ይምጡ። ቃጭሏንም ብናወርዳት ጥሩ ነው» አለችኝ።

«ሕመሙ የውሸት ነው ማለትሽ ነው?»

«በፍጹም። ሕመሙ እውነት ነው። የምናክመው ሕመሙ ቤቱን እንዳያስተዳድረው ነው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ወገቧ በታመመ እኔ ተከሰስኩ! በመንገድ ላይ ስገነፍል መጣሁ። ባለቤቴ «አልከሰሰችህም እኮ» አለችኝ። እሷም ወግናለች።

ቃጭሏን አላወረድኳትም። ሚስማሩ ጠብቋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ትልቅ ሥራ መጣ። የአንድ ሆቴል አስተናጋጆች ኮት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጥቁር ከቀይ ኮሌታ ጋር። ጨርቁን ሲያወርዱ ባለቤቴ ከመጋረጃው ወጥታ ዳሰሰችው። እንደዚያ ስትዳስስ ካየኋት ቆየሁ።

«እኔ እቆርጠዋለሁ» አለች።

«ወገብሽስ?»

«በየመሃሉ እያረፍኩ። ለቡድኑም ተናግሬያለሁ። እያንዳንዳችሁ አንድ ግብ አስቀምጡ ተባልን፤ የኔ ወደ ጠረጴዛዬ መመለስ ነው። ሰኞ እጀምራለሁ። ጠረጴዛውን ብቻ አንሳልኝ።»

ለቡድኑ ተናግራ፣ ሹፌሩ ሰምቶ፣ ከሁሉ መጨረሻ እኔ ሰማሁ። እሺ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ጨርቁን ከመንገዱ ማዶ ላለው ቆራጭ ሰጠሁት። ቀኑ ደርሷል፣ ሆቴሉ ይቸኩላል። እሷም ብትጀምረው ሁለተኛው ኮት ላይ ትወድቃለች፣ ከዚያ የባሰ ይመጣል። ለእሷው ብዬ ነው። ነገ እነግራታለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 1

አልነገርኳትም። መቀሷን ስታስል ዋለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ጠዋት ሹራቧን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ጠመኔ ይዛ መጣች። ጠረጴዛው እንደ ተከመረ ነው። ምንም ከማለቷ በፊት ማዶ ያለው ቆራጭ የተቆረጠውን ጨርቅ ተሸክሞ ከች አለ። «ኮቱ አልቋል፣ እጅጌውን ለብቻ አስሬዋለሁ» ብሎ ወለሉ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

እሷ አንዱን እጅጌ አንስታ አየችው። መልሳ አስቀመጠችው። መቀሱን በጨርቁ ጠቀለለች፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ መጋረጃውን አልፋ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ክሊኒክም አልሄደችም።

ከሰዓት ቃጭሏ ጮኸች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ተኝታለች። ሕመሙ ተመልሷል፣ የእውነት ነው፤ ፊቷ ላይ አያለሁ። ቃጭሏ ትጮሃለች፣ እኔ እሮጣለሁ። ትራስ፣ ሙቅ ውሃ፣ ሁሉም እንደ ድሮው። ሹፌሩ የለ፣ ሹራብ የለ። ሰኞ ማታ ልቤ ረክቶ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። እነሆ ቤቴ ተመለሰ ብዬ ነበር።

ግን አጠገቧ ስቀመጥ አናወራም። ዞር ብላ ግድግዳውን ታያለች። ድሮ የምናወራው ምን ነበር? ስለ ወገቧ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

«ሾርባ ላምጣልሽ?»

«እንደ ወደድክ።»

«መስኮት ልክፈት?»

«እንደ ወደድክ።»

እንደ ወደድኩ ሆነ። ሁሉም ነገር እንደ ወደድኩ ነው፤ አልወደድኩትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሹፌሩ ሱቅ መጣ! ወገቡን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ እንዳልገፈትረው እጄን የካውያው እጀታ ላይ አደረግኩ።

«ደህና ዋልክ ወንድሜ። ባለቤትህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀረችብን፤ ተጨንቀን...»

«አንድ ሳምንት ነው።»

«እኛ እንዲያው ረዘመብን።» በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ ማንም ሳይጋብዘው። «ባለሙያዋ እንደሆነች ወድቃም ቢሆን ተነስታ ትምጣ ትላለች። ማገርሸት ያለ ነው፣ ከመንገድ መውጣት አይደለም ትላለች። ይህን ንገራት ብላ ነው የላከችኝ።»

«እነግራታለሁ» አልኩ። የምነግራት አልመሰለኝም።

ሊሄድ ተነሳና ቆመ። «ልንገርህ? እኔ ባንተ እቀናለሁ።»

«በኔ?»

«የኔዋ በሁለተኛው ዓመት ደከማት። እውነቷን ነው፣ አልፈርድባትም፤ ሰው ሲያቃስት ሰምቶ ውሎ ማደር ማን ይችላል? ሄደች። አንተ ግን አራት ዓመት! ባለቤትህ ደግሞ ስንራመድ ሌላ ወሬ የላትም። አንተ እንዲህ አልክ፣ አንተ እንዲህ ሰፋህ። ድሮ እንዴት ታስቃት እንደነበር። ኧረ ሰለቸን ወንድሜ!» ብሎ በዚያ ሳቁ ሳቀ። ከመጋረጃው ጀርባ ቃጭሏ ዝም ብላለች።

ከሄደ በኋላ ካውያው የአንዱን ሱሪ ጨርቅ አቃጥሎ አገኘሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

በራሷ አሳጠረች የተባለችው በቅሎ እኔ ነኝ። ገመዴን በጠስኩ ብዬ በራሴ አሳጠርኩ።

ሱቁን ሳልከፍት ጠረጴዛውን አነሳሁ። ካርቶኑን ጣልኩ፣ ጥቅሉን መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩ፣ ያልተወሰደውን ልብስ ወደ ጓዳ ወሰድኩ። ቦታ ሞልቶኝ ነበር ለካ። ጠረጴዛው ላይ የእሷ የድሮ የመቀስ ጭረቶች አሉ። ከዚያ ጉጠት ይዤ ገባሁና ቃጭሏን ከነሚስማሯ ነቀልኳት። ሚስማሩ አልጠበቀም፤ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች።

«ጨርቁን ወደ ማዶ የላክሁት እንዳትደክሚ ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

ቀና ብላ ተቀመጠች። «ወዴት ነው የምሄደው? ወደ ጠረጴዛዬ እኮ ነው። ከአንተ መኪና አጠገብ ነው ያለው።»

ቃጭሏን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ፤ ስንቀጠቀጥ ቃጭሏም አብራኝ ተንቃጨለች። ባለቤቴ መጀመሪያ ደነገጠች፣ በኋላ ግን ሳቋን መያዝ አቃታት። «አየህ፣ አሁንም ታስቃለህ» አለችኝ።

ግን ይቅር አልኩህ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሄደች። ብቻዋን። እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተከልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ዛሬ ቆረጠች። አንድ ሱሪ ብቻ። ትንሿ የማንቂያ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ናት፤ ስትጮህ መቀሱን አስቀምጣ ትቀመጣለች፣ መሃል ላይ ብትሆንም። «አንድ መስመር ነው የቀረሽ፣ ጨርሺው» ልላት ነበር፣ ተውኩት።

ሁለተኛው ዙር ላይ «ውይ ወገቤ!» አለች።

እግሬ ሊነሳ ነው። ፔዳሉን ረገጥኩት። ዞር አልበል፣ ዞር አልበል እያልኩ ባዶ ጨርቅ ላይ እየሰፋሁ ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚህ የከበደ ነገር አልሠራሁም። ቆይቶ ከኋላዬ መቀሱ ቀጠለ።

«ጨረስኩ» ስትል ነው የዞርኩት። መኪናውን አቆምኩ፣ ሄድኩ፣ አጠገቧ ቆምኩ፣ የተቆረጠውን አየሁ። «ይህ ነው ቁርጥ!» አልኳት። ቃሉ አፌ ላይ እንግዳ ነበር። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይጠብቅ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ክፉ ቀን። እንቅልፍ አጥታ አደረች፣ ጠዋት ተነስታ መቆም ከበዳት። አልቀረችም፤ ሄደች። ስትመለስ «ዛሬ ያመኛል፣ ግን አልፈራሁም» አለችኝ። ከዚህ ሌላ ስለ ሕመም አላወራንም። ስለ ፀጉር አስተካካዩ አወራን።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

የመጀመሪያው የእሷ ደንበኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሹፌሩ! አዲስ ኮት ያስፈልገኛል፣ ወደ ሥራ ልመለስ ነው፣ መሪ አልይዝም፣ ቲኬት ቢሮ ነው ብሎ መጣ። እሷም ሜትሩን ይዛ ዙሪያውን ትዞረዋለች። ደረቱን ለካች። ወገቡን ለካች። ትከሻውን ስትለካ እጇን እዚያ ወፍራም አንገት ላይ አሳረፈች። ቁጥሩን ትጠራለች፣ እኔ በዚህ ደብተር ፊተኛ ገጽ ላይ እጽፋለሁ።

ተቃጠልኩ። ለምን እዋሻለሁ? ቅናት ነበር። ከመጀመሪያውም ቅናት ነበር፤ ሹፌሩ ባይኖር በባለሙያዋ፣ እሷ ባትኖር በማንቂያ ሰዓቷ እቀና ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ከእኔ በቀር ማንንም የማትፈልግ ሰው ነበረችኝ።

ሹፌሩ «ሸጋ አድርጊው፣ ሰው ያየኛል» እያለ ወጣ። ደብተሬን ልዘጋ ስል፣

«ቁም» አለችኝ።

«ምን?»

«አንተ ኮት ከለበስክ ስንት ዘመንህ? የልብስ ሰፊ ባል አለኝ እላለሁ፣ እንደ ለማኝ ትሄዳለህ። ቀጥ በል።»

ቀጥ አልኩ። ጀርባዬን ለካች፣ እጄን ለካች። ትከሻዬ ላይ ስትደርስ ሜትሩ ቆመ። እንደገና ለካችው። ፊት ለፊቴ መጥታ፣ ራቅ ብላ፣ ድሮ ከበር የሚገባውን ሰው ታየው እንደነበረው አየችኝ።

«ግራ ትከሻህ ወርዷል።»

«እርጅና ነው።»

«እርጅና በአንድ ወገን አይመጣም።» እጇን እዚያው፣ አራት ዓመት ስትደገፍበት በነበረው ቦታ አሳረፈች። ግን አልተደገፈችም። «ያምሃል?»

እንዳይጠየቅ የተከለከለ ጥያቄ ነው። አዎ ብዬ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ።

«ስፖንጅ እናስገባበት» አልኩ በመጨረሻ። «ለወረደ ትከሻ ሁሌም የምናደርገው ነው። ማንም አያውቅም።»

«አላስገባም» አለች ጠመኔዋን አንስታ። «ሁለቱንም ትከሻ እኩል አድርጌ ነው የምቆርጠው። መጀመሪያ ይሰፋሃል። ትከሻህ ቀስ እያለ ይመለሳል።»

ቁጥሩን ጠራች፣ እኔም ጻፍኩት። ከሹፌሩ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ነው።